ዝም ማለት የማይሆንለት ቴዎዱሎ

በእኛ መንደር፣ በሳን ኤሊያስ፣ ጉባኤ ላይ ተነስቶ "ይሄ ጎድሏል" ያለ ሰው የጎደለውን እንዲሞላ እዚያው ይሾማል። ደሞዝ የለውም። እምቢ ማለትም የለም፤ እምቢ ያለ ውሃው ይቆረጥበታል፣ ሲሞትም ጉድጓድ የሚቆፍርለት አያገኝም። ስለዚህ ሰዎቻችን በሁሉም ነገር ደስተኞች ናቸው። ከዋሃካ ከተማ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ "እንዴት ያለ ቅሬታ የማያውቅ ሕዝብ ነው!" እያለ ይመለሳል።

አበልጄ ቴዎዱሎ ግን ይሄን መማር አልቻለም። ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ የልጄ የክርስትና አባት ነው፤ አፉ መዝጊያ የለውም። "ቧንቧው ያፈሳል" አለ፣ የውሃ ኮሚቴ ሆነ። "የመቃብሩ አጥር ወድቆ አህያ ይገባል" አለ፣ ዓመቱን ሙሉ ሙታን ሲጠብቅ ከረመ። "ትልቁ ጡሩምባ ድምፁ ተበላሽቷል" አለና የማርሽ ባንዱ ኃላፊ ሆነ፤ ያውም ሙዚቃ በደረሰበት የማይደርስ ሰውዬ! በተጠራ ቁጥር ዳቦውን ምድጃ ውስጥ ጥሎ ይሮጣል። ዕድሜያችንን ያረረ ዳቦ የበላነው በእሱ ጦስ ነው። "አረረ" የሚል ግን የለም፤ የዳቦ ኮሚቴ ቢቋቋምስ?

ቴዎዱሎ ዴልፊናን ይወዳታል። ሸማኔ ናት፤ እንደ እኔው ባሏ ሞቶባት በእሱ ቦታ ጉባኤ የምትቀመጥ። እሷም ትወደዋለች፤ ይሄን የማያውቅ የመንደር ውሻ እንኳ የለም። ግን አግቢኝ ባላት ቁጥር መልሷ አንድ ነው።

"ሹመት የሌለብህ ዓመት ና።"

"እሱ መቼ ይመጣል?"

"አፍህን የዘጋህ ዕለት። ዝም አይነቅዝም፣ ቴዎዱሎ። የመጀመሪያ ባሌን መንደሩ በላው፤ መንገድ ሲጠርግ፣ ደወል ሲደውል ሞተ። ሁለተኛውን አልሰጥም።"

እንግዲህ የባንዱን ማኅተም አስረክቦ ነፃ የወጣበት ጊዜ መጣ። የቀረው አንድ ጉባኤ ብቻ ነበር። እሱን በዝምታ ካለፈ ዓመቱ የራሱ ነው፤ ዴልፊናም የእሱ። ካህኑን ሳይቀር አናግሮ ጨርሷል።

ጉባኤው ደግሞ የትምህርት ቤቱ ሆነ። ከከተማ አንዲት ወጣት ባለሙያ መጥታ የአንደኛ ክፍል ግድግዳ ላይ ሰፊ ወረቀት ለጠፈች። የማሻሻያ ዕቅዱን የሚያወጣው፣ ሥራውን የሚመራው ሕዝቡ ራሱ ነው አለች። "ችግሩን ከእናንተ አፍ መስማት አለብኝ። ካልነገራችሁኝ በጀቱ ችግሩን ለተናገረ መንደር ይሄዳል።" ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ማለቷ ነው። ልክ ነበረች። መምህራችን ሊናገር ይችል ነበር፣ ግን እንደ ወትሮው ከተማ የመምህራን የተቃውሞ ሰልፍ ወጥቷል።

ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። እኛ ሁላችን ግድግዳ ግድግዳውን ይዘን ተቀምጠናል። መሃሉን ማንም አልፈለገውም።

"እሺ፣ የትምህርት ቤታችሁ ችግር ምንድን ነው?"

ወንዶቹ ባርኔጣቸውን ማገላበጥ ያዙ።

የጉባኤው ሰብሳቢ ዶን ማካሪዮ ጉሮሮውን ጠረገ። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።"

"ጣሪያውስ?"

"ጣሪያው አለ።"

"ይሄ ባልዲ ለምንድን ነው?"

"ልጆቹ እጃቸውን ይታጠቡበታል።"

"ክፍሉ መሃል የቆመው ግንድስ?"

ዶን ማካሪዮ የጎበጠውን የጣሪያ ወራጅ አየ፣ የደገፈውንም ግንድ አየ። "ለጌጥ ነው" አለ።

ወረቀቷ ላይ ውሃ ጠብ አለ። ወንበሯን ወደ ግራ ሳበች። እዚያም ጠብ አለ።

አጠገቤ ቴዎዱሎ ፊቱ በርበሬ መስሏል። "አበልጄ፣ ኧረ ተንፍስ" አልኩት።

"ከተነፈስኩ እናገራለሁ" አለኝ በጥርሱ።

ባለሙያዋ ወረቀቷን መጠቅለል ጀመረች። በዚህ መሃል ያ ግንድ ሲጥጥ አለ። ሁላችንም ጫማችንን አየን። ቴዎዱሎም ጫማውን አየ። ዝም አለ፣ ሰውዬው! በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ።

የተነሳችው ዴልፊና ናት።

"ይሄ ጣሪያ ልጆቻችን ላይ ይወድቃል" አለች። "ሁላችንም እናውቃለን። ካላወቅን ለምን ግድግዳ ላይ ተለጠፍን?"

የዶን ማካሪዮ ፊት በራ። "የትምህርት ቤት ኮሚቴው ሊቀመንበርነት ለዶኛ ዴልፊና!" ቃሉን ሳይጨርስ እጅ ሁሉ ወጣ። የእኔም ወጣ፤ ምን ላድርግ?

ቴዎዱሎ በዝናቡ ተከትሏት ሮጠ፣ ባርኔጣውን ከራሷ በላይ ይዞ። "ዝም አልኩ እኮ! ዴልፊና፣ ዝም አልኩልሽ!"

"አየሁህ" አለች ሳትዞር። "እኔ ዝም በል ያልኩህ ስለ ጡሩምባ ነው። ስለ ሕፃናትም ዝም በል አልኩህ?" ከዚያ ቆመች። "ያ የሚለፈልፈው ሰውዬ ያናድደኝ ነበር። የዛሬውን ግን አላውቀውም።"

እሱ ባርኔጣውን ለማንም ሳይሆን ዘርግቶ ቀረ። አንጀቴን በላኝ። በእሷም ተናደድኩ፤ ሰውን አፍህን ዝጋ ብሎ፣ ሲዘጋ ደግሞ ለምን ዘጋህ?

በዚያ ዓመት ዴልፊና ቅዳሜ ቅዳሜ መንደሩን ለደቦ አስወጣችው። አሮጌው ጣሪያ ወረደ፣ አዲስ እንጨት ከጫካ መጣ። ቴዎዱሎ ማንም ሳይጠራው ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል፤ ይሸከማል፣ ያቀብላል፣ ቃል አይተነፍስም። እሷም "እዚያ አድርገው" ከማለት ሌላ አታናግረውም። ዳቦው አላረረም። ወርቅ የመሰለ ዳቦ በላን፣ ግን ለማንም አልጣመም።

ዓመቱ ሲያልቅ ባለሙያዋ ተመለሰች። አዲሱ ጣሪያ ሥር፣ ክፍሉ መሃል ተቀመጥን። "ለቀጣዩ ዕቅድ የቀረ ችግር ይኖር ይሆን?" አለች፣ ተስፋ በቆረጠ ድምፅ።

ጸጥ ከማለታችን በፊት ቴዎዱሎ ቆሟል።

"ሽንት ቤቱ በር የለውም! የማድቤቱ ጭስ ልጆቹን ያስለቅሳቸዋል! የኋላው ግድግዳ ተሰንጥቋል፤ አምና መናገር ነበረብኝ፣ ፈርቼ ነው! መምህሩም ከሰልፍ አይመለስም!"

"ተባረክ፣ ልጄ" አለ ዶን ማካሪዮ፣ እጁን ቀድሞ አውጥቶ።

ዴልፊና የሊቀመንበርነቱን ማኅተም ልታስረክበው መጣች። ማኅተሙን ሰጠችው፣ እጁን ግን አልለቀቀችም።

"ካህኑን አናግረው" አለችው።

"ሹመት አለብኝ እኮ፣ ዴልፊና።"

"አየሁ እኮ።"

በሰርጉ ቀን ምሳ ቀርቦ ባንዱ ገና ሁለተኛውን ዘፈን ሲጀምር የትምህርት ቤቱን ሲሚንቶ የጫነ መኪና ደጅ ላይ ቆመ። ሰማዩ ጠቁሯል። ቴዎዱሎ መኪናውን አየ፣ ሙሽራይቱን አየ፣ አፉን ከፍቶ ዘጋው።

"ምን ታያለህ? ተነስ እንጂ፣ ሊረጥብ ነው!" አለችው። ቀሚሷን ሰብስባ ቀድማው ወጣች፤ እኛም ሳህናችንን እያስቀመጥን ተከተልናቸው።