ሰፊው ላልቶ ሲነበብ

ሱቁ ጠባብ ነው። ሁለት ደንበኛ አንድ ላይ ከገባ፣ አንዱ ለመውጣት ሲዞር ሌላውም ተገፍቶ አብሮት ይወጣል። ከበሩ በላይ ግን በሰማያዊ ቀለም፣ ወደ መጨረሻው እያዘመመ በሄደ የልጅ ጽሕፈት፣ «ሰፊው» ተብሎ ተጽፏል። አላፊ አግዳሚው እዚያ ሲደርስ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም።

«ሰፊው? የቱ ጋ ነው የሰፋው ጃል?»

«ላላ አድርገህ አንብበው!» ይላል ልብስ ሰፊው ከውስጥ፣ ከመኪናው ቀና ሳይል። «አንተ ስታጠብቀው እኮ ነው ሱቄ የጠበበብኝ!»

ይህን ቀልድ በየቀኑ ሲቀልድ ሰምቼዋለሁ፤ በየቀኑም ስቄያለሁ። ቀሚስ ላሳጥር ብዬ እገባለሁ። የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ላይ በተሰቀሉት ጨርቆች አልፋ ሱቁን አንዴ ቀይ አንዴ አረንጓዴ ታደርገዋለች፤ የክር ብናኝ በብርሃኑ ውስጥ ይዋኛል፤ የመኪናው ፔዳል እንደ ሩቅ ዝናብ ያንሾካሹካል። ያኔ የመጣሁበትን እረሳዋለሁ። እዚያ ሱቅ ውስጥ ሰው ዓይኑን ሳይጨፍን ያልማል።

ጽሑፉን የጻፈችው ልጁ ናት። እናቷ ዳቦ ቤት የከሰዓት ፈረቃ ስለነበራት፣ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምትውለው አባቷ ዘንድ ነበር። የኮትና የሸሚዝ ቁልፎቹን ከቆርቆሮ ዘርግፋ ነጩን ከነጩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ ስትለይ እያየ «ቁልፌ» አላት። በዚያው ስሟ ሆኖ ቀረ።

አንድ ቀን ቁልፌ ከትምህርት ቤት ወፍራም መጽሐፍ ተውሳ መጣች። «የተቀደደው ሰማይ» የሚባለው ተከታታይ መጽሐፍ የመጀመሪያው ክፍል ነበር፤ ያኔ ልጅ የነበረ ሁሉ በብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቆ ያነበበው።

«አባዬ፣ አንተም አንብበው።»

«ዓይኔ ለመርፌ ተይዟል» አላት። «ጆሮዬ ግን ሥራ ፈት ነው፤ እሱን ውሰጂው።»

እንዲህ ተጀመረ። እሷ ታነባለች፣ እሱ ይሰፋል። ስትፈጥንበት፣ አፉ ውስጥ እስፒል ስለማይጠፋ መናገር አይችልም፤ ሁለት ጣቶቹን አሻሽቶ ለቀቅ ያደርጋቸዋል። ክር ሲወጠርበትም የሚያደርጋት ምልክት ያቺው ናት፤ «አላላው» ማለቱ ነው። ቁልፌም ንባቧን ታላላለች።

ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ሰማይ ይቀደዳል፤ በቀዳዳው በኩል እንደ ውርጭ ያለ መርሳት ይወርዳል። ከቀዳዳው ሥር የቆመ ሰው የገዛ ስሙን ይረሳል። ፋኖስ የያዘች አንዲት ልጅ ከተማ ለከተማ እየዞረች ሰዎችን ስማቸውን ታስታውሳቸዋለች፤ ግን ምን ያህሉን ታዳርሳለች? ሁሉም ነገር ያበቃለት ሲመስል ደራሲው አንዲት መስመር ብቻ ይጽፋል፦ «ሰማዩ በተቀደደ ጊዜ ሰፊው መጣ፤ ቀዳዳውም ተዘጋ።» ስለ መልኩ አይልም። ስለ ልብሱ አይልም።

ቁልፌ ያቺን መስመር ስታነብ ፔዳሉ ቆመ።

«ማን መጣ አልሽ?»

«ሰፊው።»

«ልብስ ሰፊ?»

«ሰማይ ሰፊ ነዋ፣ አባዬ!»

ሰውዬው እስፒሎቹን ከአፉ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ በየክፍሉ የሚጠብቀው ያንን ሰው ነው። «በምን ክር ነው የሚሰፋው?» ይላል። «አይልም» ትላለች። «አይልም? እንግዲያው የጉም ክር ነው። መርፌውስ?» ሁለቱ ተቀምጠው ደራሲው የተወውን ሲሞሉ ይመሻል። ከመጨረሻው ክፍል በፊት ቁልፌ ቀለም ለምና መሰላል ላይ ወጣች፤ የአባቷን ሱቅ በጀግናው ስም ጠራችው።

አሁን ቁልፌ አድጋ የመድኃኒት ባለሙያ ሆናለች። አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ባለው መድኃኒት ቤት ነጭ ካፖርት ለብሳ ትቆማለች። መጽሐፉም ፊልም ሆነ ተባለ።

ማስታወቂያው በየስልኩ ሲዞር ከተማው በአንድ ፊደል ለሁለት ተከፈለ። ማስታወቂያው መጨረሻ ላይ አንድ ሻካራ ድምፅ «ሰፊው መጣ» ይላል፤ አጥብቆ። ሰፊ ሜዳ፣ ሰፊ ባሕር እንደምንለው። ግማሹ አንባቢ «እና እንዴት ሊባል ኖሯል?» አለ። ግማሹ ደግሞ ክው አለ። በዓይን የተነበበ ቃል አይጠብቅም፣ አይላላም፤ አብረው አንድ ወንበር ላይ ያደጉ ጓደኛሞች ይህን ሁሉ ዘመን አንድ መጽሐፍ እያነበቡ ሁለት የተለያዩ ሰዎችን ሲወዱ እንደኖሩ ያወቁት ያን ቀን ነው። አንዱ ልብስ ሰፊ፣ አንዱ ዳርቻ የሌለው ግዙፍ። ወዲያው ስም ተሰጣጡ፦ አጥባቂዎችና አላሊዎች። አጥባቂዎቹ «እናንተ ድሮም ላላ ያላችሁ ናችሁ» ሲሉ፣ አላሊዎቹ «እናንተስ ከመጥበቃችሁ የተነሣ መቼ ትተነፍሳላችሁ?» ይላሉ። ደራሲው በሕይወት የለም፤ ማን ይጠየቃል?

ለራስ ምታት መድኃኒት ልገዛ የሄድኩ ዕለት ቁልፌ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«እትዬ፣ አባዬ ካፖርት እየሰፋ ነው የሚሉኝ እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ለፊልሙ ቀን።»

«ለራሱ?»

«ለራሱ።»

እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። አባቷ ለሰው ሲሰፋ ኖሮ ለራሱ ያልሰፋ ሰው ነው፤ የገዛ ኮቱ ክርኑ ላይ ተቀዶ ሁልጊዜ ፈገግ እንዳለ ነው። አሁን ግን እንደ አመሻሽ ሰማይ የጠቆረ ሰማያዊ ጨርቅ ቆርጦ፣ ለገባው ሁሉ «ቅዳሜ የሙያ ጓደኛዬ ፊልም ላይ ይወጣል» እያለ ነው።

«ማስታወቂያውን አልሰማም ማለት ነው» አለች።

«እሱ ስልክ የሚያነሣው ‘ሱሪዬ ደርሷል ወይ?’ ለሚለው ብቻ ነው። ታውቂው የለ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።»

«አሳስቼዋለሁ እኮ፣ እትዬ። እሱ አንድ ቀንም መጽሐፉን ገልጦ አላየውም። በእኔ አፍ ነው የሰማው። የልብስ ሰፊ ልጅ ስለሆንኩ ላላ አድርጌ አነበብኩ፤ እሱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ አመነኝ። አሁን በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ተቀምጦ፣ ያን ካፖርት ለብሶ...»

«ቀድመሽ ንገሪዋ። ከሰው አፍ ከሚሰማው ካንቺ ይስማ።»

«እነግረዋለሁ።»

በማግስቱ እኔ ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ መጣች። ፊቷን ሳይ ልትነግረው እንደመጣች ገባኝ። «አባዬ፣ አንድ ነገር...» ስትል እሱ ካፖርቱን ገልብጦ እጇ ላይ ዘረጋው። ገበሩ እንደ ውኃ ቀዝቃዛ ነበር።

«ፈልጊው እስቲ» አላት።

«ምኑን?»

«ስፌቱን! አታገኚውም። እሱ እንደሚሰፋው አድርጌ ነው የሰፋሁት። ሰማይ ላይ ስፌት አይታይማ።» ዓይኖቹ የልጅ ዓይኖች ሆነው ነበር። «ምን ልትዪኝ ነበር?»

ቁልፌ ገበሩን ዳሰሰችው፣ ዳሰሰችው። «ቲኬት ቆርጫለሁ ልልህ ነው» አለችው። እኔም የማሳጥረውን ቀሚስ መፈተሽ ጀመርኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሲኒማ ቤቱ ፊት ያለው ሰልፍ ጥጉን ዞሮ ጠፍቶ ነበር። ፋኖስ የያዘ አለ፤ ግንባሩ ላይ ስሙን እንዳይረሳ የጻፈ አለ። ሁሉም ገና ፊልሙን ሳያይ ያማርራል።

«የወፎቹን ገበያ ከፊልሙ አውጥተውታል አሉ!»

«አውጥተውትስ ከሆነ እኔ ወንበሬን ይዤ ነው የምወጣው!»

«ፋኖሷን ያየ አለ? የእኛ ቤት ማሰሮ ትመስላለች።»

«አንቺ ዝም በዪ፣ አንቺ እኮ ሦስተኛውን ክፍል ዘለሽ ነው ያነበብሽው።»

ልብስ ሰፊው በካፖርቱ ውስጥ ቀጥ ብሎ በመሃላቸው አለፈ። አንዲት ልጅ «አባባ፣ እርስዎ አጥባቂ ነዎት አላሊ?» አለችው። «እኔ?» አለ፣ ነገሩ ሳይገባው፤ «እንደ ጨርቁ ነው፣ ልጄ።» ሳቁ። ቁልፌ አልሳቀችም። ከዳቦ ቤት ፈቃድ ወስዳ የመጣችው እናቷ ክንዷን ያዘቻት፤ ጸጉሯ ገና ዱቄት ነበረው። እኔ ከኋላቸው ተቀመጥኩ።

ፊልሙ ያምራል፤ ሐሰት አልናገርም። ልጅቷ በባዶ መንገዶች ላይ ፋኖሷን ይዛ ስትሄድ አዳራሹ በሙሉ የሚሄድ ይመስል ነበር። ሰዎች ስማቸውን ሲረሱ ከፊቴ ያለ ጎረምሳ በሹክሹክታ የራሱን ስም ሲጠራ ሰማሁት። ከዚያ ሰማዩ፣ ያለ አንዳች ሙዚቃ፣ ከዳር እስከ ዳር ተተረተረ። ድምፁ መጣ።

«ሰፊው መጣ።»

ጠብቆ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ፤ ግማሹ «ኤጭ!» አለ። ቁልፌ መጋረጃውን አላየችም፤ የአባቷን እጅ ነው ያየችው። እጁ ወደ ካፖርቱ የላይኛው ቁልፍ ሄደ። ፈታው። እጁ ጭኑ ላይ ወድቆ ቀረ።

መጋረጃው ላይ ፊት የሌለው፣ እጅ የሌለው፣ ማለቂያ የሌለው ነገር ቀስ ብሎ እየተዘረጋ መጣ። እንደ አመሻሽ የጠቆረ ሰማያዊ ነበር። ቀዳዳው ላይ ሄዶ ተኛ። መርሳት ቆመ። ከታች ያሉት ሰዎች አንድ በአንድ እርስ በርስ ይጠራሩ ጀመር። ልብስ ሰፊው ወደ ፊት ዘንበል እንዳለ ቆየ።

ከዚያ «ጠርዙን አየሽው?» አለ።

«ምኑን፣ አባዬ?»

«ጠርዙን። እነዚያን የሚያበሩትን።»

ሰፊው ከሰማዩ ጋር የተገናኘበት ዳር ዳሩን ከዋክብት ነበሩ፤ አንዱ ከአንዱ እኩል ተራርቀው፣ ልክ እንደ ስፌት።

ስንወጣ ውጭ ገና ብርሃን ነበር፤ ዓይናችን ተጨናበሰ። በየጥጉ ጭቅጭቁ ጦፏል። ቁልፌ መብራት ምሰሶ ሥር ቆማ «አባዬ፣ ይቅር በለኝ» አለችው። «እኔ ነኝ ያላላሁት። መጽሐፉ ውስጥ ልብስ ሰፊ የለም።»

«ሰማሁ እኮ። ጆሮዬ አልተደፈነም» አላት። ድምፁ ትንሽ ተሰብሮ ነበር፤ ደበቀው አልልም። «ስሰማ ከወንበሬ የወደቅሁ መሰለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ስለ ማን ነው ስናገር የኖርኩት ብዬ።»

«ታዲያ ምን ተገኘ?» አለች ሚስቱ፣ ዱቄቱን ከትከሻዋ እያራገፈች። «ሰውዬህ ሰፊ ነው ወይስ ሰፊ? አንዱን በልና እንሂድ፤ እግሬ አልቋል።»

እሱም ሳቀ። ከዚያ የፈታውን ቁልፍ መልሶ ቆለፈው።

«ያ የመጣው መጣፊያው ነው» አለ። «ትልቅ ጨርቅ፣ ሌላ ምንም አይደለም። ጨርቅ በራሱ እግር መጥቶ ቀዳዳ ላይ አይተኛም። ሰፊ መሆኑስ ሰፊ ይሁን፤ ግን ማን ሰፋው? እሱን አላሳዩትም።»

«መጽሐፉም አይልም፣ አባዬ» አለች ቁልፌ፤ እንደ ድሮው።

«አይልም?» አለ፤ እሱም እንደ ድሮው። «ልብሱ ካማረ ልብስ ሰፊውን ማን ያየዋል።»

በማግስቱ ከሰዓት ያችን ቀሚሴን ልወስድ ስሄድ፣ አንድ መንገደኛ በሩ ላይ ቆሞ «ሰፊው? የቱ ጋ ነው የሰፋው?» ይላል። ውስጥ ቁልፌ የቁልፎቹ ቆርቆሮ አጠገብ ተቀምጣ፣ የዚያን ወፍራም መጽሐፍ አዲስ እትም ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታነባለች። ፀሐይዋ በቀይ ጨርቅ በኩል ገብታ ገጹን አቅልታዋለች። እሱ አፉን እስፒል ሞልቶ ይሰፋል።

«ሰማዩ በተቀደደ ጊዜ...» አለችና ቆመች። ቀና ብላ አየችው።

ፔዳሉ ቆመ። ልብስ ሰፊው ከመኪናው ቀና ሳይል እጁን አነሣ፤ ሁለት ጣቶቹን አሻሸና ለቀቅ አደረጋቸው።

እሷም አነበበችው።