መብራቱ ያልጠፋበት ቤት

ሮቤ ውስጥ ኮምፒውተር ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ያልገባኝ ብልሽት ሲገጥመኝ የምሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «መብራት ነው።» ማንም አይከራከረኝም። በእኛ አገር መብራት የማይሸከመው ጥፋት የለም።

ጎባ የሚኖሩ አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ አሉ፤ ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ፣ ዛሬም እትዬ የምላቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የድሮ ቪዲዮ ካሴቶቻቸውን ወደ ኮምፒውተር ይገለብጡ ነበር። ከሁሉ የሚሳሱለት ዲንሾ ላይ ለተቀረጸው ነው። ቀራጩ ባለቤታቸው ስለነበሩ መልካቸው የለበትም፤ ድምፃቸው ግን አለ። ከዚያ ውጪ ድምፃቸው የትም አልቀረም። ኮምፒውተሩ አርጅቶ ምስሉን እየቆራረጠ ሲያስቸግራቸው «ማሎ ልጄ፣ ትንሽ ፈጠን አድርግልኝ» ብለው ላኩልኝ።

ፈጠን አደረግኩት። ገና ሲነሳ ቁልፍ ተጭኜ ባዮስ ውስጥ ገባሁ፤ የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ፋብሪካው ከወሰነለት በላይ ከፍ አደረግኩ፤ እንዲችለው ብዬ ቮልቴጁንም ጨመርኩ። ጎኑን ከፍቼ፣ ከተከፈተ መስኮት ሥር፣ በሮቤ የጠዋት ብርድ ፈተንኩት። ምንም አላለም። ለእሳቸው ግን ያደረግኩትን አልነገርኳቸውም። ጉራ ይዞኝ ነበር፤ የድሮ ተማሪያቸው ጉድ እንዲያሰኛቸው ፈልጌ።

በሦስተኛው ቀን ደወሉ። «የዲንሾው ካሴት መሃል ሲደርስ ድርግም አለብኝ።»

«መብራት ነው፣ እትዬ።»

በማግስቱም እዚያው ቦታ ጠፋ። መብራት ነው፣ ስታቢላይዘር ይግዙ አልኳቸው፤ ገዙ። ለሦስተኛ ጊዜ ጠፋ። በጠፋ ቁጥር የተገለበጠውም ስለሚጠፋ ካሴቱን ወደ ኋላ አጠንጥነው ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። በአራተኛው ግን «እስቲ ና» ብቻ ብለው ስልኩን ዘጉት።

ስገባ ሳሎኑ ውስጥ ራዲዮ ያወራል። ኮምፒውተሩ ራሳቸው በሠሩት ነጭ ዳንቴል ከላይ እስከ ታች ተሸፍኗል። አጠገቡ ካለው ማጫወቻ አፍ የተጨማደደ የካሴት ጥብጣብ ተንጠልጥሏል። ያ ሁሉ መመላለስ ጥብጣቡን አድክሞት ማጫወቻው አኝኮታል።

አጠፋፉን ለማየት ኮምፒውተሩ ላይ የነበረ ሌላ ፊልም ከፈትኩ። ጥቂት እንደሄደ ድርግም አለ። አምፖሉ ግን በርቷል። ራዲዮውም ወሬውን አላቋረጠም።

«መብራቱማ አለ» አሉ።

ሳምንቱን ሙሉ በስልክ መብራትን ስከስ የራሴ እጅ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም። ዳንቴሉን ስገልጠው የኮምፒውተሩ ጎን ይፋጃል። አስነስቼ ባዮስ ውስጥ ስገባ የፕሮሰሰሩ ሙቀት ዘጠና ዲግሪ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ያን ያህል ያጋልኩት እኔ ነኝ፤ ዳንቴሉማ ትንፋሽ ብቻ ነው የከለከለው።

እትዬ ዳንቴሉን ታቅፈው ቆመዋል። «አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነበር» አሉ። «እኔ ነኝ እንዴ ያጠፋሁት?»

ከመብራት የተሻለ ማመካኛ ራሳቸው አቀረቡልኝ። ልቀበላቸው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ በራሴ እደነግጣለሁ።

«አይደሉም» አልኩ። «ሳልነግርዎ ከአቅሙ በላይ እንዲሮጥ ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «እሺ፣ አስተካክል» ብለው ተቀመጡ።

ፍጥነቱንም ቮልቴጁንም ፋብሪካው ወደሰጠው መለስኩ። ፊልሙ እስከ መጨረሻው ሄደ። ከዚያ የታኘከውን ጥብጣብ ቆርጬ፣ ጤነኛውን ጫፍ ለጫፍ በስኮች አያይዤ ካሴቱን አጫወትኩት። አንዲት ወጣት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ በዲንሾ ሣር ላይ ትሄዳለች። ነፋስ ብቻ ይሰማል። ቆርጬ የቀጠልኩበት ጋ ሲደርስ ምስሉ ዘለለ። ወጣቷ ፊቷን ወደ ካሜራው አዙራ ትስቃለች። ከዚያ በኋላም ነፋስ ነው፣ እስኪያልቅ ድረስ።

ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

«ተወው» አሉ። «ሲቀርጽ አያወራም ነበር። እዚህ ጋ ብቻ ነበር፣ እንድዞር በስሜ የሚጠራኝ።»

ቆርጬ ጠረጴዛው ላይ የጣልኩትን ጥብጣብ አንስተው በዳንቴሉ ጠቀለሉት።