የኡራንን ኩሬ ልለካ የሄድኩ ዕለት

ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከሞያሌ ወደ ኡራን በሎሪ ተነሳሁ። የሄድኩት ለሒሳብ ነው። እዚያ የኩሬ ውሃ ተራ የሚያስጠብቀው ወዳጄ ገልገሎ፣ «ምዋሊሙ፣ ውሃችን እስከ ዝናቡ ያደርሰን እንደሆነ መጥተህ ንገረን» ብሎ ላከብኝ። ዝናቡ ሁለት ወር ይቀረዋል። ውሃው ካደረሰ ግመሎቹ ይቆያሉ፤ ካላደረሰ ጉልበታቸው ሳያልቅ ወደ ሩቅ ጉድጓዶች መነዳት አለባቸው። ምዋሊሙ ማለት መምህር ነው፤ ማስተማር ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ መመጻደቅ ግን ጡረታ የለውምና ሄድኩ።

ጋቢናው ውስጥ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሁለት ሽማግሌዎች ስለነበሩ «ወጣቱ ከላይ» ተብዬ የስኳር ጆንያ ላይ ወጣሁ። ወጣት ከተባልኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛልና ደስ አለኝ፤ ደስታው እስከ መጀመሪያው ጉድባ ቆየ። መንገድ ላይ የቻፓቲ ቂጣ በቦሎቄ ገዛሁ። ቦሎቄውን እኔ፣ ቻፓቲውን ጥርስ ያለው ጎረቤቴ በላን።

ስድስት ሰዓት፣ ኡራን

«ስንት ግመል አላችሁ?» አልኩ ገና ከመድረሴ። ገልገሎ ጠጋ ብሎ፣ «የሰው ከብት ቁጥር አይጠየቅም። ገንዳውን ጠይቅ» አለኝ። ገንዳው ሁለት መቶ ሊትር ይይዛል፤ በቀን ሠላሳ ጊዜ ይሞላል። በቀን ስድስት ሜትር ኩብ መሆኑ ነው።

ኩሬው እስከ አፉ ሞልቷል። አፉ አሥራ ሁለት ሜትር በአሥራ ሁለት፣ ወለሉ ዘጠኝ በዘጠኝ፣ ጥልቀቱ ሁለት ሜትር፤ ጫፉ የተቆረጠ የተገለበጠ ፒራሚድ ነው። አቧራው ላይ በከዘራዬ ሣልኩት። ጎኖቹን ወደ ታች ቀጥዬ ስምንት ሜትር ላይ አገናኘኋቸው። መቶ አርባ አራትን በስምንት አባዝቼ ለሦስት ሳካፍል ሦስት መቶ ሰማንያ አራት ሜትር ኩብ መጣ።

«ስልሳ አራት ቀን ያደርሳችኋል» አልኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ።

የሰዉ ፊት ፈካ። አንድ ሰውዬ ለጉዞ የጫነውን ግመል ማራገፍ ጀመረ። ከዚያ ኩሬ ስትቀዳ የኖረችው የገልገሎ ሚስት ዳኪ ግን ሥዕሉ ላይ ቆማ ቀረች።

«ምዋሊሙ፣ ይህን ወደ ታች የሾለውን ማን ቆፈረው?»

«እኔ።»

«በምን?»

«በከዘራዬ።»

«እኛ ሁለት ሜትር ላይ ድንጋይ ቢገጥመን አቆምን። አንተ ድንጋዩን በከዘራ በስተህ ስድስት ሜትር ወረድክ። በርታ።»

ተማሪዎቼን ስቆጣበት የኖርኩት ስህተት ነበር፤ ሙሉውን ፒራሚድ አስልቶ የሌለውን ጫፍ አለመቀነስ። ጫፉ ሰማንያ አንድ በስድስት፣ ሲካፈል ለሦስት፣ መቶ ስልሳ ሁለት ነው። ሲቀነስ ሁለት መቶ ሃያ ሁለት ቀረ። ሠላሳ ሰባት ቀን፤ ያውም ፀሐይ የምትጠጣው ሳይቀነስ።

ሰውዬው መልሶ መጫን ጀመረ። «ጃርሳ፣» ብሎ ሽማግሌነቴን አስታወሰኝ ገመዱን እያጠበቀ፣ «የምታስወርደኝ ሌላ ዕቃ ካለ አሁኑኑ ንገረኝ።»

ገልገሎ ወሰነ፤ ፍየሎቹና የሚያጠቡት ግመሎች ይቀራሉ፣ ሌሎቹ በማግስቱ ይነዳሉ።

ሐሙስ ቤቴ ገባሁ። ሚስቴ፣ «ውሃው ስንት ቀን ሆነ?» አለችኝ። «በመጀመሪያው ነው በሁለተኛው?» አልኳት፤ ሌላ ሳትጠይቀኝ ሁሉም ገባት። ጉዞው ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው፤ የውሃ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ውሃ ከምትቀዳ ሴት ርቆ አይሥራ። ዳኪ ባትኖር ኖሮ ሃያ ሰባት ቀን ሙሉ ግመሎቹን አቧራ ላይ የሣልኩትን ውሃ አጠጣቸው ነበር።