ዳንግላ ቪዲዮ ቤት የወደቀው ፈረስ

ልጅ እያለሁ ሆሊውድ ከጥሊሊ አለፍ ብሎ ያለ ወረዳ ይመስለኝ ነበር። ምን ላድርግ? በጋሽ መላኩ ቪዲዮ ቤት የምናያቸው የድሮ ካውቦይ ፊልሞች የዳንግላን ቅዳሜ ገበያ ቁርጥ ነበሩ፤ አቧራ፣ ባርኔጣ፣ መጠጥ ቤት ደጃፍ የታሰረ ፈረስ። የጎደለው የበርበሬ ሽታ ነበር፤ እሱንም አጠገባችን ያለው ወፍጮ ቤት ይሞላልናል። ጥይቱ የሚተኮሰው ቤት ሙሉ ሰው እያስነጠሰ ነው።

የእኔ ዘመን ልጆች ታውቁታላችሁ። አክተሩ ፊቱን ወደ እኛ ሲያዞር ቤቱ በሙሉ ትንፋሹን ይውጣል። አንድ ዓይኑ ብቻ የአዘናን ገበያ ያህል ይሰፋል! ዳይሬክተር የሚባል ፍጡር መኖሩን አናውቅም፤ ተራራውንም ደመናውንም አክተሩ ራሱ ይዞት የሚመጣ ይመስለን ነበር። ጋሽ መላኩ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመው ይተረጉሙልናል። እንግሊዝኛቸው ከእኔ አይሻልም።

አባቴ ጋሪ ነጂ ነበር። ቪዲዮ ቤት ዱርዬ ማፍሪያ ነው ብሎ ስለሚያምን አንድ ቅዳሜ አለንጋውን እንደያዘ ሊያወጣኝ ገባ። ጆሮዬን ሳይዝ ግን ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ወደቀ። ስድስት ፈረስ የሚጎትተው ሠረገላ ሸለቆውን እየሰነጠቀ ይበራል። አለንጋው አየር ላይ ቀረ።

"አክተሩ እንግዲህ 'የወንድሜን ደም አልተውም' እያለ ነው" አሉ ጋሽ መላኩ፣ አለንጋውን በጎን እያዩ።

"ቆይ እስቲ መላኩ፣ ኮቴውን ልስማበት!" አለና አባቴ ተቀመጠ። በእኔና አጠገቤ በተቀመጠው ጓደኛዬ ጭን ላይ።

ትንሽ ቆይቶ የአክተሩ ፈረስ ወንዝ ሲሻገር ተመታና በአንገቱ ተደፋ። አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ።

"አይዞዎት አያ ዘለቀ፣ አክተሩ አይሞትም!" አለው ጓደኛዬ፣ ከሥሩ እንደተጨፈለቀ።

"የእሱን ማን ጠየቀህ? ፈረሱ ተነሣ ወይ?"

ማንም አላየም። ፊልሙ አክተሩን ተከትሎ ሄዷል፤ ፈረሱ ወንዙ ውስጥ ቀርቷል። አባቴ ተነሥቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ተገተረ። የፈረሱ ነገር ሳይታወቅ ፊልም የለም! ውጭ የቆሙት ጋሪ ነጂዎችም ጩኸቱን ሰምተው ገቡ። በትንፋሻችን የቆርቆሮ ጣሪያው አንድ ክንድ ከፍ አለ ብላችሁ እመኑኝ። ጋሽ መላኩ ላባቸውን ጠርገው ፊልሙን ሊመልሱ የዴኩን ቁልፍ ሲጫኑ ምስሉ ወደ ኋላ መሮጥ ጀመረ።

ያን ጊዜ ነው ጉዱ። የተረጨው ውሃ ተሰበሰበ። ፈረሱ አንገቱን ቀና አደረገ፣ በአራት እግሩ ቆመ፣ አክተሩንም ከወንዙ አንሥቶ ኮርቻው ላይ መለሰው። ጋሪ ነጂዎቹ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በአዊኛ "ተነሣ! ተነሣ!" እያሉ ተቃቀፉ፤ የፊልሙ መጨረሻ እሱ መስሏቸውም እያጨበጨቡ ወጡ። አባቴ አፉን ከፍቶ ቀረ። ያን ፊት ለጥምቀት ታቦት ሲወጣ እንኳ አይቼበት አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ቪዲዮ ቤት አትግባ ብሎኝ አያውቅም።

ሰሞኑን ያንኑ ፊልም በስልኬ አገኘሁት። አክተሩ አፈር ከሆነ ቆይቷል፤ ዳይሬክተሩም እንዲሁ። ለአንዲት ደመና ካሜራውን ተክሎ ሲጠብቅ ይውል ነበር አሉ! እኛ ግን እያስነጠስን አለፍናት። ከእንጅባራ በሚኒባስ ወርጄ፣ በባጃጅ ተሳፍሬ ለአባቴ ላሳየው ሄድኩ። ዛሬ ፈረስም ጋሪም የለውም። ፊልሙ ወንዙ ጋ ሲደርስ ሳቄ መጣ።

"አባዬ፣ ያኔ እኮ የተነሣ መስሏችሁ..."

"እንዲያ የወደቀ ፈረስ እንደማይነሣ አጥቼው መሰለህ?" አለኝ። "ስንቱን በእጄ ቀብሬያለሁ። አንዱን እንኳ ሲነሣ ማየት አምሮኝ ነው።"

ስልኩን ወደ እሱ አስጠጋሁለት።

"መልሰው እስቲ" አለ።

በጣቴ ወደ ኋላ ስስበው ኔትወርኩ ተቋረጠ። ያኔ ያን ፈረስ የሚጠብቀው ቤት ሙሉ ሰው ነበር። አሁን እኔና አባቴ መዳፍ በማታክል መስታወት ላይ ግንባር ለግንባር ገጥመን፣ ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን።