መስታወቱ እስኪወጣ

ለጠፈር ቴሌስኮፕ የሚሠራ መስታወት የሚፈተነው በብርድ ነው። አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ክፍል፣ ከደጋው ውርጭ እጅግ በሚብስ ቅዝቃዜ ውስጥ ተዘግቶበት ይከርማል። ሲቀዘቅዝ ቅርጹ ቅንጣት ታህል ከተዛባ ኮከቡ ይደበዝዛል፤ ወደ ላይ ከሄደ በኋላ ደግሞ የሚያቃናው የለም። ባሕር ማዶ የምሠራው ይህንን መዛባት መለካት ነው።

አባቴ መታመማቸውን የሰማሁት መስታወቱ ከተዘጋበት በኋላ ነበር። ልምጣ ብላቸው በስልክ ተቆጡኝ። «የጀመርከውን ጨርስ! እኔ የትም አልሄድ» አሉ። ቀረሁ፤ ልቤ ግን እሳቸው ዘንድ፣ መካነ ሰላም ነበር። ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር እህቴ «ሻል ብሏቸው ደጅ ወጥተዋል» ትለኛለች። አመንኳት። ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ደርሼ ውጤቱን በአፌ ልነግራቸው ጓጓሁ።

ፈተናው በደኅና አለቀና አገሬ ገባሁ። መካነ ሰላም ስደርስ መሽቶ ስለነበር አክስቴ ከመናኸሪያ ተቀብላ ወደ ራሷ ቤት ወሰደችኝ። «አሁን ከእንቅልፋቸው አትቀስቅሳቸው፤ ጠዋት ትሄዳለህ» ብላ እያጎረሰች አበላችኝ።

ጎህ ሲቀድ ጎረቤቶቻችን የአክስቴን ግቢ ሞልተውት አገኘሁ። የነፍስ አባታችንና ጎረቤታችን ሼኽ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሞኝነቴን እዩልኝ! እንኳን ደህና መጣህ ሊሉኝ የመጡ መሰለኝ። ሼኹ «ሥራህስ እንዴት ሆነ?» ሲሉኝ ስለ ብርዱ፣ ስለ መስታወቱ፣ እንዴት ሳይዛባ እንደወጣ በእጄ ጭምር እያሳየሁ አወራሁ። ማንም አላቋረጠኝም። ቄሱ መሬት መሬቱን ያያሉ። እህቴ ጋቢዋን እስካፏ ተከናንባለች።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሼኹ፣ ስጨርስ።

«በሉ አባቴ ጋ ልሂድ፤ እሳቸውም ይስሙልኝ» ብዬ ተነሣሁ።

ሼኹ እጄን ያዙኝ። «ተቀመጥ ልጄ። አባትህን ከቀበርናቸው አርባቸውም ወጥቷል። ሥራውን ሳይጨርስ እንዳትነግሩት ብለው አስምለውን ነው።»

ጮኽኩባቸው። በማን ፈቃድ አልኳቸው፤ ቄሱንም ሼኹንም፣ ከሁሉም እህቴን። ማንም አልተቆጣኝም። እህቴ ጋቢዋን ጣለችው፤ ከሥሩ ጥቁር ለብሳለች። ያን ሁሉ ጊዜ በስልክ ድምጿን አሳምራ ስታወራኝ የለበሰችው እሱን ነበር። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ ገና ያን ዕለት የሞቱ ይመስል አለቀሰቻቸው።