ሙሉሰው ሊረታ የፈለገው ክርክር

ስለ መኪና ወሬ ከተነሣ ሙሉሰውን የሚያስቆም ሰው ዳማድ በምትባለው የዓረብ አገር ከተማ ውስጥ አልነበረም። የሚሠራበት ጋራዥ፣ እነሱ ወርሻ ይሉታል፣ ከከተማው መውጫ ላይ ግማሹ በቆርቆሮ የተጠለለ፣ ግማሹ ለፀሐይ የተተወ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሥራ ሲያስፈታ ሐበሻውም የመኔውም ሾፌር ቆርቆሮው ሥር ይሰበሰብና አንዱን ሞተር ያማል፣ ሌላውን ያወድሳል። የትኛው አሸዋ ላይ አይሰምጥም፣ የትኛው ሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ሞተሩ ሳይከፈት ይሄዳል፣ የትኛው ለታይታ ብቻ ነው፤ በመጨረሻ የሚፈርደው ሙሉሰው ነበር። ወረቀት የለውም፤ በየመን በኩል በእግሩ የገባ፣ አገር ቤት ቢስቲማ የተወለደ ልጅ ነው። ፖሊስ ሲያልፍ መኪና ሥር ይገባል፤ ፖሊሱ ሲርቅ ወጥቶ ካቆመበት ቃል ይቀጥላል።

እምነቱ አጭር ነበር። መኪና ማለት ሞተር፣ ካምቢዮና ፍሬን ነው፤ የቀረው ጌጥ ነው። ወደ ኋላ ስትሄድ የሚጮኸው፣ መስመር ስትስት የሚያስጠነቅቅህ፣ ፍሬን ስትረግጥ ባንተ ፋንታ የሚያስበው ኮምፒውተር ሁሉ መንዳት ለማይችል ሰው የተሠራ ነው ይል ነበር። አፉ ይጣፍጣልና ሰው ይስቅለታል፤ ሰው ሲስቅለት ደግሞ ልቡ ያብጣል። ከቶ የማያምንለት አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ጋሻው።

ጋሻውም የቢስቲማ አካባቢ ሰው ነው። ከዳማድ ወጣ ብሎ ባለ የማንጎ እርሻ ተቀጥሮ ፍሬውን በፒክአፕ ወደ ገበያ ያመላልሳል። ዝግ ያለ፣ ነገሩን መዝኖ የሚናገር ሰው ነው። አዲስ መኪና ላይ ያለውን መሣሪያ ሁሉ ይወዳል፤ ምክንያቱንም አንድ ጊዜ ቆርቆሮው ሥር በሰው ሁሉ ፊት ተናግሯል። «ሰው ይደክማል፣ ሰው ይደነግጣል። እኔ ስደነግጥ የማይደነግጥ ነገር መኪናው ውስጥ ቢኖር ምን ይጎዳኛል?» አለ። ሙሉሰው የኮምፒውተር ደቀ መዝሙር ብሎ ስም አወጣለት። ስሙ ያዘ፤ ለጥያቄው ግን መልስ አልነበረውም፤ ይህም ያንገበግበው ነበር።

ከጋሻው ጋር ሁልጊዜ የሚመጣ አወል የሚባል የቢስቲማ ልጅ፣ የእርሻው ሠራተኛ አለ። መኪና አይነዳም፣ ስለ መኪናም ግድ የለው። ሁለቱ ሲከራከሩ ጎማ ላይ ተቀምጦ ይስቃል፤ ሲመሽበት፣ «ኸላስ፣ በቃ፣ ሁለታችሁም ረታችኋል፤ ያላ እንሂድ» ብሎ ይነሣል።

በ2013 መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ ነው፣ ረጀብ የሚባል ሽማግሌ ከአር-ሪስ ተራራ ፒክአፑን ይዞ ወረደ። ቁልቁለቱ ኮረኮንች ነው፤ ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል፣ መኪናው ግን አይቆምልኝም ብሎ አማረረ። ሙሉሰው ደስ አለው። ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከለክለውን ኮምፒውተር፣ ኤቢኤስ የሚሉትን፣ ፊውዙን ነቅሎ ዝም አሰኘው። ከዚያ ወዲያ ዳሽቦርዱ ላይ ኤቢኤሱ አለመሥራቱን የሚናገረው ቢጫ መብራት በርቶ አልጠፋ ስላለ ዳሽቦርዱን ፈትቶ መብራቱን በጥቁር ፕላስተር ሸፈነው። ረጀብ ተራራው ላይ ሞክሮት መረቀው። ለረጀብ ኮረኮንች ሥራው ልክ ነበር፤ ይህን ሙሉሰው ዛሬም አይክድም።

ሰኔ ላይ ያው ፒክአፕ ተመልሶ መጣ፤ የሚነዳው ግን ጋሻው ነው። ረጀብ ለእርሻው ባለቤት ሸጦታል። ጋሻው ደስታው ፊቱ ላይ ያበራል፤ የኋላ መስታወቱ ላይ ኤቢኤስ የሚል ተለጥፎ አይቷላ። ጠቅላላ ፍተሻ አድርግልኝ፣ እንዲህ ያለ መኪና ነድቼ አላውቅም አለው። ሙሉሰው መኪናውን ገና ከሩቅ ነው ያወቀው። ፊውዙን መመለስ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ አፉንም ከፍቶ ነበር። ያኔ ነው ያ ሐሳብ የመጣለት፤ ምነው በቀረበት።

ጥቂት ይንዳው። ይንዳውና ያመስግነው። ለዒድ ሁሉም ቆርቆሮው ሥር ሲሰበሰብ፣ ስታመሰግነው የከረምከው ኮምፒውተር እኮ የለም፣ እኔ ነኝ የነቀልኩት ብዬ በሰው ፊት አሳፍረዋለሁ አለ በልቡ። መኪናውን ፈትሾ ዘይቱን ለወጠ። ስለ ፍሬኑ ሲጠየቅ፣ ንዳውና ራስህ ፍረድ ብሎ መለሰ።

ጋሻውም ነዳና ፈረደ። በመጣ ቁጥር ስለ ፍሬኑ ያወራል፤ በኮምፒውተሩ ነው እንዲህ ቀጥ የሚለው ይላል። ሙሉሰው ሣቁን ለመዋጥ ፊቱን ያዞራል። ጋሻው ከየት እንደሰማው እንጃ፣ ድንገት ቢገጥምህ ፍሬኑን እስከ መጨረሻ ረግጠህ መሪውን ማዞር ብቻ ነው፣ መኪናው ይታዘዝሃል እያለ ለሌሎች ሾፌሮች ያስተምር ነበር። ሙሉሰው ይህን በጆሮው ሰምቷል። ፊውዙ በሌለበት ጎማው ይቆለፋል፣ ጎማው ከተቆለፈ መሪ አይሠራም፤ ይህን ከሱ የበለጠ የሚያውቅ ዳማድ ውስጥ አልነበረም። ግን ዒድ ቀርቧል፣ ጥቂት ቀን ነው የቀረው አለ።

ለዒድ አራት ቀን ሲቀር ከሰዓት በኋላ አቧራ ነፈሰ፤ አቧራውን ተከትሎ ዝናብ መጣ። ጋሻው ማንጎ ጭኖ ወደ ገበያ ይሄዳል፣ አወል ጭነቱ ላይ ተቀምጧል። ከወንዙ ማቋረጫ ድልድይ አጠገብ የፍየል መንጋ አስፋልቱ ላይ ገባ። ጋሻው ሲያስተምር የከረመውን አደረገ፤ እስከ መጨረሻ ረገጠ፣ መሪውንም አዞረ። መኪናው አልዞረም፤ በእርጥቡ አስፋልት ላይ ቀጥ ብሎ ተንሸራቶ ከድልድዩ ግንብ ጋር ተላተመ። ጋሻው የትከሻ አጥንቱ ተሰበረ። አወል ተስፈንጥሮ ወደቀ፤ የዚያን ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ።

መኪናው ተጎትቶ የመጣው ወደዚያው ወርሻ ነው። በማግስቱ ሙሉሰው አጠገቡ ቆሞ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ጋሻው ነው፤ ሆስፒታል ተኝቶ፣ በር ላይ ፖሊስ ቆሞበት፣ ስልክ ለምኖ ነው የደወለው። ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር።

«ሙሌ፣ አንተ ታውቃለህ። ፍሬኑ ደህና ነበር?»

ሙሉሰው ስለ ፖሊሱ አሰበ፣ ስለሌለው ወረቀት አሰበ። ስለ አወል ያሰበው ከሁሉ በኋላ ነው፤ ይህንንም ራሱን ይቅር ብሎት አያውቅም።

«ደህና ነበር» አለ።

«እንግዲያው እኔ ነኝ» አለ ጋሻው፤ ስልኩም ተዘጋ።

ኅዳር ላይ ወረቀት የሌለው ሁሉ ሲለቀም በአደጋው ታስሮ የነበረው ጋሻውም ተርሂል ወደሚሉት የማባረሪያ እስር ቤት ተወሰደ፤ ከተርሂልም አውሮፕላን ላይ ተሳፍሮ አገሩ ገባ። ሙሉሰውን የወርሻው ጌታ ደብቆ አተረፈው። ጥሩ መካኒክ ነዋ። ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮው ሥር ወሬ ሲነሣ እሱ ቁልፍ ያጥባል። ፊውዝ ንቀልልኝ የሚለውን ይመልሳል፤ ደንበኞቹም ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ጋራዥ ሄዱ።

በ2014 ክረምት መቻል አቃተው። የጋሻውን ቁጥር ከአገር ሰው አፈላልጎ ደወለ። ጋሻው አላኮረፈም፤ እንዲያውም ስለ አወል አንሥቶ ደሙ ደረቀ አለው። እንደ አገሩ ወግ ደም የሚያደርቁት ሽማግሌዎች፣ አበጋሮቹ፣ ተቀምጠው፣ ሁለቱም ወገን ተጠርቶ፣ ጋሻው በሕዝብ ፊት ቆሞ በእጄ ነው የጠፋው ብሎ ምሏል። የአወል እናት እማማ ሰፊያ ብዙ ካለቀሱ በኋላ ከአንድ ገበታ አብረውት በሉ። ሌላ ወንድ ልጅ የላቸውም። ዘንድሮ መሬታቸውን የሚያርሰው ጋሻው ነው፤ ልጄ ይሉታል።

ሙሉሰው ይህን ሁሉ ሰምቶ ነው የተናገረው። ፊውዙን፣ መብራቱን የሸፈነበትን ፕላስተር፣ ለዒድ ያሰበውን ቀልድ፣ በስልክ የዋሸውን ሁሉ ዘረገፈው። በስልኩ ውስጥ ከብት የሚነዳ ሰው ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ለእማማ ሰፊያ እንዳትነግር» አለ ጋሻው። «እኔ ምያለሁ፣ እሳቸውም ይቅር ብለዋል። አንድ ልጅ አጥተው አንድ አግኝተዋል። አሁን እኔ አይደለሁም ብላቸው ምን ይቀራቸዋል?»

«እኔስ?» አለ ሙሉሰው።

«አንተንማ እኔ እንጃ» አለ ጋሻው። «ከዛሬ ወዲያ ግን አትደውልልኝ።»

ሙሉሰው አሁንም ዳማድ ነው። አገሩ ለመግባት የሚከለክለው የለም፤ ቢስቲማ ውስጥ ደም የሚፈልገው ሰውም የለም። እማማ ሰፊያ ገበያ ላይ ቢያገኙት የልጄ ጓደኛ ብለው አቅፈው ይስሙታል። እሱ የሚፈራው ይህንን ነው።