ኤም ፒ አይሮጥም

ትእዛዙ የደረሰን ማለዳ፣ ቆሎ እየቆረጠምን ሻይ ስንጠብቅ ነው። ሻይዋን አልጠጣናትም። አዛዣችን መቶ አለቃ ታደሰ ከሬዲዮው ድንኳን ወጣና «ተነሱ፣ ድልድዩ ጋ ነን» አለ። ከፊታችን ያለው የእኛ ጦር ምሽጉን ለቆ እያፈገፈገ ነበር። ወንዙ ላይ ያለው ድልድይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከአንድ መኪና በላይ ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ። መሐንዲሶቹ ፈንጂ አጥምደውበታል። ቁስለኛ የጫኑት መኪኖች ተሻግረው ሲያበቁ ሊያፈርሱት ነው። የጠላት ጦር ከደረሰ ግን፣ መኪኖቹ ተሻገሩም አልተሻገሩም ይፈርሳል። የእኛ ሥራ ቁስለኛው ከሁሉ ቀድሞ እንዲያልፍ ማድረግ ነበር።

እኛ ማለት የጦር ፖሊሶች ነን። ሠራዊቱ ኤም ፒ ይለን ነበር። ከመቶ አለቃው ጋር አሥር ነን። ልጆቼ፣ የጦር ሜዳ ወሬ ሲነሳ የምትሰሙት ኮረብታ ስለያዘው፣ ታንክ ስለማረከው ነው። ስለ ኤም ፒ የሚያወራ የለም፤ ቢያወራም በደግ አያነሳንም። አልፈርድበትም። ፈቃድ ሳይኖረው ከተማ የገባውን ይዘን የምንመልሰው እኛ፣ ሰክሮ የሚደባደበውን የምናስረው እኛ፣ ጠጅ ቤት በር ላይ የምንገተረው እኛ። ታዲያ ማን ይወደናል? ሃምሳ አለቃ ደበበ «ወታደር የሚወደን መንገድ ሲጠፋው ብቻ ነው» ይል ነበር። እውነቱን ነው።

ደበበ የጎጃም ሰው ነው። ቁመቱ ለጉድ፣ ድምፁ ግን ቀጭን፤ ከሩቅ የሰማው ሴት ተቆጣች ይላል። እኔን ማብሸቅ ይወድ ነበር። «አንተ ስልጤ፣ ሱቅህን ከፍተህ መቀመጥ ሲገባህ ምን ልታደርግ ወታደር ሆንክ?» ይለኛል። እኔም «አንተስ ድቁናህን ጥለህ የሰካራም ዘበኛ የሆንከው ምን ቆርጦህ ነው?» እለዋለሁ። በረመዳን ግን የቀትሩን ተራ፣ ፀሐይዋ አናት የምትበሳበትን ሰዓት፣ ሳልጠይቀው ይቆምልኛል። አመስግኜው ሳልጨርስ «ዝም በል፣ ምራቅህን ቆጥብ» ይላል።

አንድ ሕግ ነበረው፤ ከየት እንዳመጣው አላውቅም። «ኤም ፒ አይሮጥም» ይላል። «ኤም ፒ ከሮጠ ጦሩ ይሮጣል።» በሕጉ ምክንያት ያላየነው መከራ የለም። የመጠጥ ውሃ በጣሳ በሚታደልበት ቦታ ጢማችንን ያስላጨናል። ከተዘጋ ትምህርት ቤት ባገኘው ጠመኔ ቀበቷችንን ነጭ ያስቀባናል። እጅ እንዴት እንደሚዘረጋ፣ መኪና እንዴት በመዳፍ እንደሚቆም፣ አላፊውን እንዴት ዓይን ዓይኑን እያዩ እንደሚያሳልፉት ያሠለጥነናል። እኔ በጣም አጉረመርም ነበር። «ሰው በጥይት በሚያልቅበት አገር ጠመኔ!» እለው ነበር።

የዚያን ዕለትም፣ መኪናው ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀን፣ ደበበ አሰልፎ ቀበቷችንን ፈተሸ። የእኔ ላልቶ ነበር። ጎትቶ አጠበቀልኝና «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለኝ። ያን ጊዜ ልመታው ነበር። አሁን ያቺን ማለዳ ሳስብ ከነንጭንጩ ይናፍቀኛል፣ ምን ልበላችሁ።

እዚህ ሲያትል ሬኒየር ቢች ነው የምኖረው። ኦበርን ያለ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሳነሳ ሳስቀምጥ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ለቅሶም ሠርግም ሲሆን ኮሚዩኒቲ ሴንተሩ ግቢ መኪና የማሰልፈው እኔ ነኝ። የሾመኝ የለም። «ጋሽ ነስሩ፣ የት ፓርክ ላድርግ?» ይሉኛል፤ ክንዴን ሙሉ ዘርግቼ አሳያለሁ። ወጣቶቹ «ኦኬ፣ ጀነራል» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ክንዴ የደበበ መሆኑን አያውቁም።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች። ደበበ አራት ሰው ይዞ ማዶ ተሻገረ። እኔ ከቀሩት ጋር የወዲህኛውን አፍ ያዝኩ። መቶ አለቃው ከመሐንዲሶቹ ጋር ከኋላችን ሆነ። ጦሩ መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ በሰልፍ መጣ። ቀጥሎ በቡድን። ቀጥሎ እንደ ተበተነ ገበያ። መሣሪያውን የጣለ ነበር፤ ጫማውን የጣለም ነበር። የማዶ ሰዎቻችን እግረኛውን በዳርና በዳር እያስኬዱ መሐሉን ለመኪና ክፍት ያደርጋሉ። ቁስለኛ የጫኑት ኦራሎች አንድ በአንድ አለፉ። በአጠገቤ ሲያልፉ ከውስጥ የሚያቃስት ይሰማል። አንዱ ቁስለኛ ተረሳሁ ብሎ ነው መሰለኝ፣ ክንዱን ከሸራው ሥር አውጥቶ ልብሴን ያዘ። ከመኪናው ጎን ጥቂት ስራመድ ለቀቀኝ።

ረፋድ ላይ አንድ ሻለቃ በጂፕ መጣ። ሰልፉን ትቶ በመሐል ሊገባ ሲል ደበበ ፊቱ ቆመ። ሰላምታ ሰጥቶ «ጌታዬ፣ ቁስለኛ ይቀድማል» አለው። ቀጭኗ ድምፁ እኔ ድረስ ተሰማችኝ። ሻለቃው እጁን ሽጉጡ ላይ ጣለ። ደበበ ሰላምታውን አላወረደም። ሻለቃው ትንሽ አየውና ሾፌሩን «ጥግ ያዝ» አለው። ከዚያ ወርዶ እሱ ራሱ የቃሬዛ ጫፍ ያዘ። ስሙን ሳላውቀው ቀረሁ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ሞርታር መጣ። የመጀመሪያው ውሃው ውስጥ ወደቀ። ሁለተኛው ማዶ፣ ከሰው መሐል። ደበበ ጋ ከነበሩት አራቱ ሁለቱ እዚያው ቀሩ። ሦስት ኦራል ገና አልተሻገረም። በሦስቱ ሰባ የሚሆን ቁስለኛ አለ። እግረኛው ዳሩን ትቶ መሐሉን ሞላው፤ መንገዱ ተዘጋ። መሐንዲሱ «መቶ አለቃ፣ ጠላት ኮረብታው ላይ ታይቷል፣ ላፍርሰው?» አለ። መቶ አለቃው «ሦስቱ ይለፉ» አለ። መሐንዲሱ «እስከ መቼ?» አለ። መቶ አለቃው እጁን ለምልክት አንስቶ ወደ ድልድዩ ዞረ።

ደበበ ከመጀመሪያው ኦራል ፊት ገባ። ጀርባውን ለመኪናው ሰጥቶ፣ ሁለት ክንዱን ዘርግቶ፣ በእርምጃ መጣ። ሌላ ምንም አላደረገም። «ዳር፣ ወንድሜ፣ ዳር» እያለ ይራመዳል፤ የጥምቀት ታቦት አጅቦ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ያ ሲገፋፋ የነበረ ሰው ሁሉ እሱን ሲያይ ሩጫውን ተወ። አንድ ሰው እንዲህ ተላጭቶ፣ ነጭ ቀበቶ ታጥቆ፣ ሳይቸኩል የሚሄድ ከሆነ ገና ጊዜ አለ ማለት ነው ብሎ ሳያስብ አልቀረም። እኔም እንደዚያው ነው ያሰብኩት። ስለ ጠመኔው ያጉረመረምኩትን ሁሉ እዚያ ቆሜ በሆዴ መለስኩ።

ድልድዩ አጋማሽ ላይ ፍንጣሪ መታው። ወደቀ። ኦራሉ ቆመ። የተከተሉትም ቆሙ። ሰዉ መልሶ መሐሉን ሊይዝ ሲነቃነቅ አየሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እግሬ ወደ ኋላ ዞሮ ነበር፤ ልቤም አብሮ። ደበበ ግን ወደ ብረቱ መደገፊያ ተጎትቶ ተቀመጠና ቀኝ ክንዱን ዘረጋ። ተቀምጦ መንገድ ያሳይ ነበር።

ሄድኩ። በእርምጃ። የዚያን ያህል ረጅም መንገድ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሄድኩም። አጠገቡ ስደርስ «ቀስ» አለኝ። ቀና አድርጌ መጀመሪያው ኦራል ላይ፣ ሾፌሩ ጎን ጫንኩት። ከዚያ ከመኪናው ፊት ቆሜ ክንዴን ዘረጋሁ። «ዳር፣ ወንድሜ፣ ዳር።» ድምፄ ቀጥኖ የእሱን ይመስል ነበር። ሦስቱም አለፉ። የቀረው እግረኛም ተከትሎን አለፈ። መቶ አለቃው እጁን አወረደ፤ ድልድዩ ፈረሰ።

ደበበ ከሰዓት በኋላ፣ ሆስፒታል ሳንደርስ ሞተ። በመጨረሻ የጠየቀኝ «ስንት አለፈ?» ብሎ ነው። «ሁሉም» አልኩት። «በል እንግዲህ» አለኝ።

ሲመሽ ተሰለፍን። ከአሥራችን አራት የለንም። ሃምሳ አለቃ ደበበ፤ አሥር አለቃ ተካ፣ ክራር የሚመታልን፤ ወታደር ኤርጎጌ፣ የሆሳዕናው፤ ወታደር ሙህዲን፣ እኔ ጋ ወዲህ ቆሞ በፍንጣሪ የወደቀው፣ አንድ ቀን ተቆጥቶ የማያውቅ። ተካና ኤርጎጌ ማዶ ስለቀሩ አልቀበርናቸውም። ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከወራት በኋላ ሜዳይ ተሰጠኝ። ጦሩ ፊት ደረቴ ላይ ሲያደርጉልኝ አፍሬ መሬት መሬት አይ ነበር። አንድ ሰው ሠርቶት ሳይጨርስ የወደቀውን ሥራ ጨረስኩ እንጂ ሌላ ምን አደረግሁ?

ሜዳዩን አሁን ሾርላይን የምትኖረው ልጄ ሐያት ፍሬም አስገብታ ሳሎኗ ሰቅላዋለች። ነርስ ናት። ያለፈው ዒድ ቤቷ ተሰብስበን ልጆቿ ስለ እሱ ሲጠይቁኝ ይህንኑ ነገርኳቸው። ልጆቹ ፈንጂው እንዴት እንደፈነዳ ማወቅ ነው የፈለጉት። ሐያት ግን ሳህን ማንሳቷን ትታ ቆመች።

«አባዬ» አለችኝ፣ «እሱ የራሱ ሕግ ነው፣ ኦኬ። ግን እሱ ሲመታ፣ አንተ ያኔ ሃያ ምናምን ዓመትህ ነው። ሁሉም ሰው ፓኒክ አድርጓል። ሶ አንተ ለምን አልሮጥክም?»

ስለ ግዳጅ፣ ስለ ቃለ መሐላ ልነግራት ነበር። እውነቱ ግን እሱ አይደለም።

«ደበበ እያየኝ ነበራ» አልኳት።